እንስሳትን ለማዳን የወጣ ሰው ሥራና ጠባይ

(በጓሳ ዙሪያ ላሉ በጎ ፈቃደኞች የተደረገ ንግግር)

  

ንግግራችንን በአንዲት ቃል እንጀምር። ቃሏ «አዳኝ» ትባላለች። እስቲ በደብተራችሁ ላይ ጻፏት። «አ»፣ «ዳ»፣ «ኝ»፤ ሦስት ፊደል ናት። «ዳ»ን አጥብቀን ስናነባት አውሬ የሚገድለውን ሰው ትነግረናለች። አላልተን ስናነባት ደግሞ ከሞት የሚያተርፈውን ሰው ትነግረናለች። ፊደሉ አንድ ነው። ሥራው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

እኛም እንደዚችው ቃል ነን። እንስሳትን እናድናለን ብለን ወጥተናል። አያያዙን ካላወቅንበት ግን ሳናስበው ገዳዮች እንሆናለን። ልብ ቅን ሆኖ እጅ ካጠፋ ምን ይጠቅማል? ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው አንድ በጎ ፈቃደኛ ምን እንደሚጠበቅበትና ጠባዩ ምን መምሰል እንዳለበት ነው።

ለምን እናድናቸዋለን?

የመንዝና የግሼ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ብርዱን የምንችለው በበጋችን ነው። ከጠጉሩ ባና እናሠራለን። በጉን ሸጠን ግብር እንከፍላለን፤ ለልጅ ደብተርና ልብስ እንገዛለን። ወደ መርሐቤቴ፣ ወደ ጀማ ሸለቆ ቁልቁል ወርደን እህል የምንጭነው በአህያ ነው። ገብሱን የምናርሰው በበሬ ነው። ስለነዚህ ማንም አይከራከርም። ቤታችን ያቆሙት እነሱ ናቸው።

ክርክሩ የሚነሣው በዱር አራዊት ላይ ነው። «የበጌን ግልገል የበላ ቀበሮ ለምን ይኖራል? ገብሴን የነቀለ ጭላዳ ለምን ይታዘንለታል?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ጥያቄው የባለጌ ጥያቄ አይደለም። የተጎዳ ሰው ጥያቄ ነው። መልስ ሊሰጠው ይገባል።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የምትገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ከባሌ እስከ ስሜን ያሉት ሁሉ ቢቆጠሩ 500 አይሞሉም። በአንድ ገበያ ቀን መሐል ሜዳ ከሚወጣው በግ ያንሳሉ ማለት ነው። የእኛ ጓሳ ከነዚህ ጥቂቶች የተወሰኑትን ይዟል። ቀይ ቀበሮ አንዳንዴ ግልገል ትወስዳለች፤ ይህን አንክድም። ዋናው ምግቧ ግን አይጥና ፍልፈል ነው። አይጥ ደግሞ የሣሩም የገብሱም ጠላት ነው። ስለዚህ ቀይ ቀበሮ ደመወዝ የማትጠይቅ የአይጥ ጠባቂያችን ናት።

ጭላዳም እንደዚሁ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም። እንደ በግ ሣር ግጦ የሚኖር ዝንጀሮ እሱ ብቻ ነው። ሲመሽ ገደል ወርዶ ያድራል፤ ሲነጋ ሜዳ ይወጣል። በጓሳ ላይ ተመራማሪዎች አንድ የሚገርም ነገር አይተዋል። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ቀስ ብላ ትሄዳለች። ጭላዳዎቹ አይሸሹም፤ እሷም ግልገሎቻቸውን አትነካም። በመንጋው መካከል ሆና አይጥ ለመያዝ ከሞከረች ከ3 ጊዜ 2 ጊዜ ያህል ይሳካላታል። ብቻዋን ስትሞክር ግን የሚሳካላት ከ4 ጊዜ አንድ ጊዜ ነው። ሁለት አራዊት ተስማምተው በአንድ ሜዳ ሲውሉ፣ እኛ ሰዎች በአንድ ማኅበር መስማማት ያቅተናል እንዴ?

ከአባቶቻችን የተማርነው

ይህ ሥራ ከሌላ አገር የመጣ አዲስ ነገር አይምሰላችሁ። የጓሳ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይበልጣል። ስፋቱም 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሣሩ የቤት ክዳን ይሆናል፤ ገመድ ይሆናል፤ የእረኛ ገሳ ይሆናል። አስቦና ጌራ ከሚባሉት ሁለት አባቶች ጀምሮ ከ300 ዓመት በላይ ሲጠበቅ ኖሯል። ሥርዓቱ ቄሮ ይባል ነበር።

በቄሮ ሥርዓት ጓሳው 3 ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ 5 ዓመት ይዘጋል። ያን ጊዜ ማንም ሣር አያጭድም፤ ከብትም አያሰማራም። ሣሩ ሲደርስ በበጋው ወራት ይከፈታል። ክረምት ሲገባ ሐምሌ 5 ቀን፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት፣ ሁሉም ይወጣና ተመልሶ ይዘጋል። ሕዝቡ አለቃ መርጦ በተራ ይጠብቅ ነበር። ጠባቂዎቹ ደመወዝ አልነበራቸውም። እንግዲህ የበጎ ፈቃደኛ አያቶች እነሱ ናቸው።

እውነቱን እንናገርና ያ ሥርዓት ጉድለትም ነበረበት። ሣሩን የማጨድ መብት የነበረው ባለ ርስቱ ብቻ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ቄሮው ቀረ። ባለ ርስትነቱ መቅረቱ ለብዙው ሰው እፎይታ ነበር። ጥበቃው አብሮ መቅረቱ ግን ጎዳን። ሁሉም እንዳሻው አጨደ፤ እንዳሻው አሰማራ። ሣሩ ሳሳ። በኋላ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ መከረና ሁሉን የሚያካትት ደንብ አወጣ። ኮሚቴ መረጠ፤ ጠባቂ አቆመ። ክልሉም ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ አድርጎ በሕግ አወቀው። ሣሩ ሲጠበቅ አይጡ ይኖራል፤ አይጡ ሲኖር ቀበሮዋ ትኖራለች። አባቶቻችን ሣር ጠበቅን ሲሉ አራዊቱንም አብረው አዳኑ።

አሁን ወደ በጎ ፈቃደኛው ሥራና ጠባይ እንግባ።

አንደኛ፦ ተራህን አክብር

በጎ ፈቃድ ማለት «ሲመቸኝ እመጣለሁ» ማለት አይደለም። ፈቃዱ የሚያስፈልገው ለመግባት ነው። ከገባን በኋላ ግዴታ ነው። ደቦ የጠራ ሰው ጠላ ጠምቆ፣ ንፍሮ ቀቅሎ ይጠብቃል። «እመጣለሁ» ብሎ የቀረ ሰው የባለቤቱን አዝመራ ለበረዶ ይሰጣል። እኛም ተራችንን ስንተው በዚያው ቀን እሳት ይነሣል፤ ወይም ወጥመድ ይጠመዳል።

መምጣት ካልቻልን ቀደም ብለን እንንገር። ልጅ ታሞብን ይሆናል፤ ለቅሶ ደርሶብን ይሆናል፤ ዘር ጊዜው አልፎብን ይሆናል። ይህ ነውር አይደለም። «አልቻልኩም» ብሎ በጊዜ የተናገረ ሰው ሌላ ሰው ይተካለታል። ነውሩ ዝም ብሎ መቅረት ነው። ደግሞም ብቻችንን አንውጣ። ጉም ሲወርድ ጓሳ ላይ መንገድ ይጠፋል። ሁለት ሆኖ መውጣት ለሰውም ለሥራም ይበጃል።

ሁለተኛ፦ ከአውሬው በፊት ባለቤቱን ስማ

ግልገሉ የተበላበት ሰው ዘንድ ስንሄድ የመጀመሪያ ቃላችን «አይዞህ፣ እግዜር ይተካ» ይሁን። «ቀበሮ አትንካ!» ብሎ የሚጀምር በጎ ፈቃደኛ በአንድ ቀን ሁለት ጠላት ያፈራል፤ አንዱን ለራሱ፣ ሌላውን ለቀበሮዋ። ተቀምጠን እንስማ። ዱካውን አብረን እንይ። ብዙ ጊዜ ቀይ ቀበሮ የምትከሰሰው ጅብ ወይም ተኩላ በሠራው ሥራ ነው። እሷ ከሆነችም እሷ ናት እንበል። አንዋሽ።

ከዚያ በኋላ ምክር ይሰማል። ግልገል ያላት በግ ከበረት አትራቅ። በረቱ ይጠገን። መንጋ ያለ እረኛ አይዋል። ከሁሉ በላይ ግን በሬሳ ላይ መርዝ የሚያደርግ ሰው ካለ ለምነን እናስቁመው። መርዝ ጅቡን ብቻ አይመርጥም። ቀበሮዋን ይገድላል፤ ጥንብ አንሣውን ይገድላል፤ የራስን ውሻ ይገድላል። ጥንብ አንሣ ከጠፋ ደግሞ የሞተ ከብት ሜዳ ላይ ሸትቶ በሽታ ያመጣል።

ሦስተኛ፦ የማታውቀውን አትንካ

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት እንናገራለን። ሥራውን በጀመርንበት ዓመት ውሾች የጭላዳ መንጋ አባርረው አንዲት ትንሽ ጭላዳ ሣር ውስጥ ቀርታ አገኘን። ደንግጣ ትጮሃለች። አዘንን። በነጠላ ጠቅልለን ወደ ቤት ወሰድናት። የላም ወተት አጠጣናት። ልጆች ተሰበሰቡ፤ ተቀባበሏት። በሦስተኛው ቀን ሞተች።

በኋላ አንድ የአራዊት ባለሙያ ስንጠይቅ «እናቷ የት ነበረች?» አለን። እውነትም፣ ስንወስዳት ገደሉ ጫፍ ላይ የሚጮሁ ጭላዳዎች ነበሩ። እናቷ ከነሱ መካከል ሳትሆን አትቀርም። እኛ ውሾቹን አባርረን፣ ራቅ ብለን ብንቀመጥ ኖሮ ተመልሳ ትወስዳት ነበር። እኛ አዳን መስሎን ከእናቷ ነጠቅናት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ግን ያፈሰስነውን መልሰን አልለቀምነውም።

ከዚያ ወዲህ ደንባችን ይህ ነው። የዱር እንስሳ ግልገል ስናገኝ አንነካም። ውሻና ልጅ እናርቃለን። ከሩቅ ሆነን እናያለን። ለጥብቅ ቦታው ጽሕፈት ቤት እንናገራለን። ወደ ቤት መውሰድ፣ ማልመድ፣ ለእንግዳ ማሳየት፣ መሸጥ ፈጽሞ ክልክል ነው።

ሥራው በሚያውቁት ሰዎች እጅ ሲሆን ግን ሌላ ነው። በ2012 ዓ.ም. በስሜን ተራሮች በጥይት እግሩ የተሰበረ ቀይ ቀበሮ ተገኘ። ጠባቂዎችና የእንስሳት ሐኪሞች መጠለያ ሠሩለት፤ አከሙት፤ ሥጋ እያቀረቡ አስታመሙት። 51 ቀን ቆየ። ስሙንም «ተረፈ» አሉት። ሲለቁት ወዴት እንደሚሄድ የሚናገር መሣሪያ በአንገቱ አሰሩለት። መጀመሪያ በመንደር አጠገብ ሲዞር ቆየ፤ በኋላ ግን ወደ ዱሩ፣ ወደ ወገኖቹ ገባ። ልብ በሉ፤ አንድ ቀበሮ ለማዳን ሐኪም፣ ፈቃድ፣ መድኃኒት፣ መጠለያና 51 ቀን አስፈለገ። ነጠላና የላም ወተት አይበቃም።

አራተኛ፦ የእብድ ውሻን ነገር አትደብቅ

ወንድሞችና እኅቶች! ይህችን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቧት። ማንበብ ለማይችል ጎረቤትም አንብቡለት።

የእብድ ውሻ በሽታ በምራቅ ይተላለፋል። ውሻውን፣ ቀበሮውን፣ በጉን፣ አህያውን፣ ሰውንም ይይዛል። ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች ከውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ ተጋብቶ በአንድ ሸለቆ የነበሩትን አብዛኞቹን ጨረሰ። ባለሙያዎች በአጠገቡ ባለው አገር ያሉትን ቀበሮዎች እየያዙ ከተቡ። በሽታው በዚያ ቆመ።

እኛ ዘንድ የሆነውን እንንገራችሁ። አንድ ውሻ ጠባዩ ተለወጠ። ምራቁ ይዝረከረካል፤ ያገኘውን ይነክሳል። አንዲት አህያ ነከሰ። ከዚያ አንድ እረኛ ልጅ ባቱን ነከሰው። በዚያ ቀን ተረኛ የነበረው የእኛ ሰው ይህን ሰማ። ነገር ግን የውሻው ባለቤት የሚስቱ ወንድም ነው። «ብናገርበት ቅር ይለዋል፤ ውሻውን ያስገድሉበታል፤ የአህያዋንም ዋጋ ያስከፍሉታል» ብሎ ዝም አለ። በደብተሩም አልጻፈም።

ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን የልጁ እናት ልጇን አዝላ መጣች። ቁስሉ ላይ አመድ ተነስንሷል። «እናንተ የእንስሳ ነገር ታውቃላችሁ ሲሉ ሰምቼ ነው» አለች። ያን ጊዜ ሁላችንም አፈርን። እንስሳ አዳኞች ነን ብለን ልጅ ልናስገድል ነበር። በዚያው ሰዓት በበቅሎ አስይዘን ወደ ሕክምና ወሰድነው። መርፌውን ጀመረ፤ ሳያቋርጥም ጨረሰ። ልጁ ዛሬ ደኅና ነው፤ በግ ይጠብቃል። አህያዋ ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አብዳ ሞተች። ልጁም ያለ መርፌ ቢቀር ያው ሊደርስበት ይችል ነበር።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ስለዚህ እንዲህ እናድርግ።

የተጠረጠረ ውሻ ስናይ አንጠጋው። ድምፅ አሰምተን ልጆችና መንጋ እንዲገቡ እናድርግ። ለቀበሌውና ለእንስሳት ጤና ባለሙያው ያኑ ዕለት እንናገር።

የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና ከላይ በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እንጠበው። አመድ፣ ቅቤ፣ ቅጠል አናድርግበት። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብለን አንናቅ። ጸሎቱም ጠበሉም ይቀጥል፤ መርፌው ግን አይቅር።

የሞተውን እንስሳ ሥጋ አንብላ፤ ለውሻም አንስጥ። በጥልቅ ይቀበር።

በየዓመቱ ክትባት ሲመጣ ውሾቻችንን እናስከትብ። አንድ ውሻ ሲከተብ ቤተሰብ ይድናል፤ መንጋ ይድናል፤ በጓሳ ላይ ያለችው ቀበሮም ትድናለች። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

አምስተኛ፦ ያየኸውን ጻፍ፤ ያላየኸውን አትጻፍ

ዱሮ የሆነው ሁሉ በቃል ይቀር ነበር። አሁን ፊደል ቆጥረናል። እንጠቀምበት። ተረኛ የሆነ ሰው አራት ነገር ይጻፍ፦ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ያየውን፣ ያደረገውን። ይኸውላችሁ ምሳሌ፦ «ኅዳር 9 ቀን። ከወንዙ ማዶ። የሞተ በግ አየን፤ አንገቱ ላይ የጅብ ንክሻ አለው። ለባለቤቱ ነገርን፤ ቀበርነው።» ይህ ይበቃል። ጽሕፈቱ ባያምርም እውነት ይሁን።

ልጁ ከተነከሰ በኋላ ያ ወንድማችን በጉባኤ ፊት ቆሞ ጥፋቱን ተናገረ። አላባረርነውም። ጥፋቱን ያመነ ሰው ከማያጠፋ መስሎ ከሚኖር ይሻላል። ደንቡን ግን ለወጥን። ከዚያ ወዲህ በደብተሩ ላይ ሁለት ሰው ይፈርማል። ነገሩ ዘመድን የሚነካ እንደሆነ ደግሞ ዘመዱ ያልሆነ ሰው ይጽፋል። እንዲህ ሲሆን ማንም በማንም አያዝንም፤ የሚናገረው ደንቡ ነው።

ያየነውንም በየጠላ ቤቱ አናውራ። የሰው ገመና ነው። ለሚመለከተው ብቻ እንናገር። ዝም ለማለትም ጉቦ አንቀበል፤ እፍኝ ቆሎም ብትሆን ጉቦ ናት።

ስድስተኛ፦ ከራስህ በረት ጀምር

ሌላውን የሚመክር ሰው የራሱ አህያ ጀርባዋ ቆስሎ ከታየ ማን ይሰማዋል? «መጀመሪያ የራስህን!» ይሉታል፤ እውነታቸውን ነው። በዓለም ላይ ካሉ አገሮች ሁሉ አህያ የሚበዛው በኢትዮጵያ ነው። ውለታዋን ግን በዱላ ነው የምንመልሰው። ድልድሉ ወፍራምና ንጹሕ ይሁን። ጭነቱ በግራና በቀኝ ይመዛዘን። የቆሰለችውን እስክትድን አንጫን። ቁስሉን በንጹሕ ውኃና በጨው እንጠብ፤ ካልሻረ ወደ እንስሳት ሐኪም እንውሰዳት። ያረጀችውንም አህያ ለጅብ ብለን ሜዳ ላይ አንጣላት። ዕድሜዋን ሙሉ ተሸክማን ኖራለች።

ማጠቃለያ

በዚህ ሥራ ሁሉንም እንስሳ አናድንም። ይህን ከአሁኑ እንወቀው። ደክመን ያስታመምነው ይሞትብናል። ያስጠነቀቅነው ሰው መርዙን ያደርጋል። ያን ጊዜ ልባችን ይሰበራል። ሲደክመን ለባልደረባችን እንንገር፤ ጥቂት እንረፍ፤ ከዚያ እንመለስ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለዚህ ነው። አንድ ክር ሲላላ ሌላው ይይዛል።

አባቶቻችን ጓሳን ከ300 ዓመት በላይ ጠብቀው አስረከቡን። ሣሩን አስረከቡን፤ ቀበሮዋንና ጭላዳውንም አስረከቡን። የልጆቻችን ልጆች «ቀይ ቀበሮ ምን ትመስል ነበር?» ብለው ከመጽሐፍ ላይ ብቻ እንዲያዩዋት አናድርግ። ከደጃቸው ወጥተው፣ ከጭላዳው መካከል ቀስ ብላ ስትሄድ ይዩዋት።

እስቲ አሁን ያችን ቃል እንደገና አንብቧት። አላልታችሁ አንብቧት። አዳኝ!



የመወያያ ጥያቄዎች

1. ትንሿ ጭላዳ የሞተችው ለምንድን ነው? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

2. ተረኛው ሰው ስለ ውሻው ዝም ያለው ለምንድን ነው? ዘመዳችሁ ቢሆን ደፍራችሁ ትናገሩ ነበር?

3. በእብድ ውሻ የተነከሰ ሰው መጀመሪያ ምን ማድረግ አለበት? ቀጥሎስ?

4. በቄሮ ሥርዓት የነበረው ጥሩ ነገር ምንድን ነው? ጉድለቱስ?

5. ዛሬ በመንደራችሁ ያያችሁትን አንድ ነገር ቀኑን፣ ቦታውን፣ ያያችሁትንና ያደረጋችሁትን ለይታችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።